«ምላሱ ከባድ ነው» የተባለው ልጅ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያደጋችሁ ሁሉ ዐይን የሚባለውን የዓረብኛ ፊደል ታስታውሱታላችሁ። ከጉሮሮ ሥር ተጨምቆ የሚወጣው ድምፅ። የእኛ አማርኛ ፊደሉን ይዞ ድምፁን ከጣለው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ «ዐ» ብለን ጽፈን «አ» ብለን እናነባለን። «ሐ»ም እንደዚያው ናት። ትግርኛ ግን ሁለቱንም እስከ ዛሬ አልጣላቸውም።

ታናሽ ወንድሜ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሐሊብን «ሀሊብ»፣ ዐረቢን «አረቢ» ይል ነበር። አስተማሪው እናቴን አስጠርቶ «ልሳኑ ተጊል» አላት፤ ምላሱ ከባድ ነው። በዚያው ክፍል የትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ልጅ ሁለቱንም ድምፅ አጥርቶ ይላል። ሁለቱም የሐበሻ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ይችላል፣ አንዱ አይችልም። ስለዚህ ጉድለቱ የወንድሜ መሰለ። እናቴ ገበያ ዳር ሻይና ቡና እየሸጠች የምታሳድገን ሴት ናት፤ ማንን ትጠይቅ? ትልልቆቹ «እንጥሉ ወርዶ ነው» አሏት። እንጥል ቆራጭ ዘንድ ወሰደችው፤ ተቆረጠ። ሁለት ቀን ደም ሲተፋ አይቻለሁ። ምላሱ ምንም አልነበረውም። በዓመቱ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ዐይንንም ሐንም ከልጆቹ ለቅሞ ጨረሳቸው፤ ያ ግን ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ መናገር ከተወ በኋላ ነው።

ብዙዎቻችሁ «አሜሪካ ሄደሽ ምንድን ነው የምትማሪው?» እያላችሁ ጽፋችሁልኛል። የምማረው የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ነው፤ ማስተርስ፣ አሁን ሁለተኛ ዓመቴ። ለምን እንደመረጥኩት ከላይ ያለው ይበቃል። ሌላም ምክንያት አለ። በኅዳር 2013 ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ሰው በሐምዳየትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ሲጎርፍ እኔ ኡም ራኩባ የስደተኞች ጣቢያ አስተርጓሚ ነበርኩ። እናቶች ልጃቸውን አቅርበው «ይህ አይናገርም»፣ «ይህቺ ከመንገዱ ወዲህ ዝም አለች»፣ «የዚህ ላንቃው ክፍት ነው፣ ጡት አይዝም» ይሉኛል። ቃል በቃል ወደ ዓረብኛና ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ የሚቀበለኝ ባለሙያ ግን የለም። ሐኪሙ ቁስልና ወባ ላይ ነው፤ አልፈርድበትም።

ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ለዚህ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ አይበቃም፤ ማስተርስ የግድ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ዲግሪ በሌላ ትምህርት ስለነበር ማስተርሱን ከመጀመሬ በፊት የጎደሉኝን ኮርሶች መሙላት ነበረብኝ፤ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ፣ ስታትስቲክስ፣ የድምፅ ሳይንስ፣ የመስማት ሳይንስ። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ያህል ነው። የአንጎልና የጉሮሮ አሠራር፣ መንተባተብ፣ የልጆች ቋንቋ፣ የስትሮክ ሕመምተኛ፣ የመዋጥ ችግር ሁሉ አለበት። መዋጥ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ግን የምንናገርበትና የምንውጥበት ጉሮሮ አንድ ነው፣ ስትሮክ የመታው ሰው የሚጠጣው ውሃ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከክፍሉ ጎን 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ አለ፤ 25ቱ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር በራስ እጅ መሥራት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው በዋናነት ከታካሚው ጋር ያላችሁበት ደቂቃ ነው፤ ሪፖርት ስትጽፉ ያደራችሁበት አይቆጠርም። ፕራክሲስ የሚባል ፈተናም አለ፣ ከምረቃ በኋላ ደግሞ 36 ሳምንት በነባር ባለሙያ ሥር መሥራት።

ይህን ሁሉ ድካም እችለዋለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። የምንማርባቸው መመዘኛ ፈተናዎች በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን መዝነው የተሠሩ ናቸው። ልጁ ሥዕል ያያል፣ ስሙን ይጠራል፣ የብዙ ቁጥሯን «ስ» ዘለለ ወይ አልዘለለም ተብሎ ነጥብ ይያዝለታል። ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ እዚያ ሲቀርብ ወንድሜ ክፍሉ ውስጥ የደረሰበት ይደርስበታል፤ ልዩነቱ አሁን ፍርዱ በቁጥር መጻፉ ነው። ደግነቱ ሙያው ራሱ ይህን ያውቃል፣ አጥብቆም ያስተምራል። ልጁን አንድ ነገር ጠይቀው፣ ካላወቀ አስተምረው፣ ደግመህ ጠይቀው፤ ቶሎ ከያዘ ያልቻለው ስላልለመደው ነው። በቤቱ ቋንቋ ተረት ያውራ። እናቱን «ከእህቶቹ ጋር ሲተያይ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቃት። በሁለቱም ቋንቋ ከተቸገረ ያኔ ችግር አለ። ሁለት ቋንቋ መስማት ብቻውን ልጅን አያኮላትፍም።

የእኛን ቋንቋ ደግሞ ራሳችን ካላጠናንለት ማንም አያጠናልንም። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ፤ ሰዋስው ጸሐፊዎች ፈንጂ የሚሏቸው። ጉሮሮ ይዘጋል፣ አየር አፍ ውስጥ ይታመቃል፣ ከዚያ ይፈነዳል። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ምልክታቸውን ስታሳይ ከክፍሉ ማንም ማለት አልቻለም፤ እኔ ተነሥቼ «ጠጅ»፣ «ጨው»፣ «ቆጮ» አልኩላቸው። በሰው አገር የቋንቋዬ ድምፅ ትምህርት ሲሆን ያየሁበት ቀን ነው። ነገሩ ግን ከጨዋታ ያለፈ ነው። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ አየሩ በአፍንጫው ስለሚሾልክ እነዚህን ድምፆች ማመቅ ይቸግረዋል፤ ብዙ ጊዜ ድምፁን ጉሮሮው ላይ ቆርጦ ይተካዋል። ቀዶ ጥገናው ላንቃውን ይዘጋል፣ የለመደውን አነጋገር ግን አያስለቅቀውም። ያን የሚያስለቅቀው ሥልጠና ነው፤ ሥልጠናው ደግሞ የአማርኛን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። አበባየሁ መሰለ የሚባሉ የአገራችን የቋንቋ ምሁር የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት ላንቃቸው በተጠገነ አማርኛ ተናጋሪዎች አነጋገር ላይ ነው። ጥናቱን ሳገኘው ሌሊቱን ሙሉ ነው ያነበብኩት። መጥበቅና መላላትም አለ። «ገና» ሲላላ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ በእንግሊዝኛ የተሠራ ፈተና ይህን ከየት አምጥቶ ይጠይቃል?

በልምምድ ቦታዬ አንድ አባት አጋጠሙኝ። በስትሮክ ምክንያት ቃል ጠፍቷቸዋል፤ የሚጠየቁትን ሁሉ «እሺ» ነው የሚሉት። በትምህርታችን የምናነሣው የታወቀ ሰው አለ፤ በ1861 እ.ኤ.አ. ፖል ብሮካ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም የመረመረው፣ «ታን» ከማለት በቀር የማይናገር። ሲሞት የግራ አንጎሉ የፊት ክፍል ተጎድቶ ተገኘ፤ የንግግር ቦታ በአንጎል ውስጥ የት እንደሆነ መታወቅ የጀመረው በዚያ ነው። እኔ ያገኘኋቸው አባት «እሺ» ሲሉ ሠራተኞቹ የተስማሙ መስሏቸው ያልፋሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «አባባ፣ አባታችን ሆይ እንበል» አልኳቸው። እኔ ጀመርኩ፣ እሳቸው እስከ መጨረሻው አደረሱት። ውሃን ውሃ ማለት የማይችል ሰው! ከልጅነት ጀምሮ የተደጋገመ ነገር፣ ጸሎት፣ ቁጥር፣ ዜማ፣ አዲስ ቃል ፈልጎ ከማውጣት በሌላ መንገድ ስለሚመጣ ነው። ከቁጥሩ ጀመርን፤ ከሳምንታት በኋላ «ውሃ» አሉ። ልጃቸው አለቀሰች፤ እኔም።

ለመማር ለምትፈልጉ፦ ሁሉም አሜሪካ ይምጣ አልልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና ቋንቋ ሕክምናን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል፤ የካቲት 12 ሆስፒታል የላንቃ ቀዶ ጥገና ከንግግር ሕክምና ጋር አለ። ኡጋንዳ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሯል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ይዛ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ ማዕከልን ስትከፍት የንግግር ሕክምና ባለሙያ አልነበረችም፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ ብላ የራሳችንን ፊደል ማስተማሪያ አደረገችው። ትግርኛና የሱዳን ዓረብኛ የምትችሉ የገዳሪፍ ልጆች ደግሞ እባካችሁ ግቡበት። የእናንተ ጆሮ የትም አይሸጥም።

አሁን ሐሳቤ ያለበትን ልንገራችሁ። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ እናቴም ገዳሪፍን ለቃ በገላባት ወደ መተማ ተሻገረች። ባለፈው ሳምንት ደውላ ስለ አንዲት ጎረቤቷ ልጅ አወራችኝ። ሦስት ዓመቱ ነው፣ «እማ» እንኳን አይልም። በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ማጋጠም ነበረበት። ሰፈሩ «ዓረብኛና አማርኛ ተደበላልቆበት ነው፣ ይተወዋል» ይላል። እናቴ የወንድሜን ነገር ስለምታስታውስ እሷም እንደዚያ ብላ ነበር፤ እኔም ለአፍታ ልስማማ ከጅሎኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ አልኳት። ጀርባውን ሲሰጥሽ፣ ሳያይሽ፣ የድስት ክዳን አንኳኪ።

በነጋታው ደወለች። ሦስት ጊዜ አንኳኩታለች፣ በሦስተኛው በርትታ። አልዞረም። ሕፃን ሳለ ጆሮው ይመግል እንደነበር እናቱ ያኔ ነው የተናገረችው።

ይህ ሙሉ ምርመራ አይደለም፤ ጎንደር ወስደው የጆሮ ሐኪም ማየት አለበት። መንገዱ ደህና ከሆነ ሐሙስ ይነሣሉ። እንጥሉን የሚቆርጥ ሰው ዘንድ እንዳይወስዱት እናቴ ቃል አስገብታቸዋለች።