የሰላዩ መንገድ፦ ከዓይን ኤል ረማነህ እስከ ወደቡ

ኪም ፊልቢ ቤይሩት የገባው በ1956 ነው (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለሚጠይቀው ሁሉ የለንደኖቹ «ኦብዘርቨር» እና «ኢኮኖሚስት» ዘጋቢ ነኝ ይል ነበር፤ አልዋሸም። በጎን ለእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ከዚያም ሥር ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሞስኮ ሰው ነው። ቤቱ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ደብዳቤ የሚቀበልበት ሆቴልና በመጨረሻ የጠፋበት ወደብ ተቀራርበው ስለሚገኙ፣ እሑድ እረፍት ያለው ሰው በግማሽ ቀን በእግሩ ያዳርሳቸዋል።

እኔ መነሻውን ዓይን ኤል ረማነህ አደርገዋለሁ። ፊልቢ እዚህ ሰፈር ስለኖረ አይደለም። ሚያዝያ 13 ቀን 1975 ጠዋት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ፍልስጤማውያንን የጫነ አውቶቡስ በዚሁ ሲያልፍ ተኩስ ተከፈተበትና ከ20 በላይ ተሳፋሪዎች አለቁ። 15 ዓመት የፈጀው የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከዚህ ቀን ይቆጠራል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ውጊያው ባሕር ዳር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች ደረሰ፤ ፊልቢ ይቀመጥባቸው የነበሩ ባሮችም አብረው ነደዱ። አስጎብኚ ባዶ ቦታ እያሳየ «እዚህ ነበር» የሚለው ለዚህ ነው።

በደማስቆ መንገድ፣ በብሔራዊ ሙዚየሙ በኩል አድርጋችሁ ወደ ባሹራ ውጡ። እዚያ ባለው የሙስሊሞች መቃብር የኪም አባት ሴንት ጆን ፊልቢ ተቀብሯል። የንጉሥ አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ አማካሪ የነበረ፣ በ1930 የሰለመ፣ የዓረብን በረሃ ያቋረጠ ሰው ነው። ልጁን ሊጠይቅ ቤይሩት እንደመጣ በ1960 አረፈ። አባትየውም የአገሩን መንግሥት እምብዛም የማይወድ ሰው ነበር፤ ልጁ ይህን ከየት አመጣው ለሚል ከዚህ መጀመር ይበጃል።

ቀጥሎ ቀንጣሪ ነው። ፊልቢ ከአሜሪካዊት ሚስቱ ከኤሌኖር ጋር በዚህ ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባሕሩም ተራራውም የሚታይበት ቤት ተከራይቶ ኖሯል። ጃኪ የምትባል የቀበሮ ግልገል ያሳድግ ነበር። በ1962 ከሰገነቱ ወድቃ ስትሞት፣ ለብዙ ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነው ይኸው ሰው ቅስሙ ተሰብሮ አልቅሷል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኔ በጣም የሚከብደኝ ይህ ነው።

ከቀንጣሪ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ሲወረድ ኖርማንዲ ሆቴል ነበር። ፊልቢ ደብዳቤውን እዚያ እየተቀበለ ቀን በቀን ይጠጣ ነበር። ሆቴሉ ዛሬ የለም፤ በጦርነቱ ጊዜ ፊት ለፊቱ ባሕሩ ውስጥ የተከመረው የከተማው ቆሻሻ ግን በስሙ ተጠራ፤ ኋላም ተደልድሎ አዲስ መሬት ሆነ። በስተ ምዕራብ ያለው ሴንት ጆርጅ ሆቴል ቆሟል። ጋዜጠኛውም ዲፕሎማቱም ሰላዩም ወሬ የሚለዋወጠው በዚህ ባር ነበር። በ1975 ተቃጠለ፤ በየካቲት 14 ቀን 2005 የቀድሞውን የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሐሪሪን የገደለው ፍንዳታም የደረሰው ደጃፉ ላይ ነው።

በጥር 1963 የድሮ ጓደኛውና የሥራ ባልደረባው ኒኮላስ ኤሊዮት ከለንደን መጥቶ ፊት ለፊት አፋጠጠው። ፊልቢ በከፊል አመነ። ጥር 23 ዝናብ ሲወርድ አመሸ፤ ባልና ሚስቱ አንድ የእንግሊዝ ዲፕሎማት ቤት እራት ተጠርተው ነበር። «ቅደሚ፣ እደርሳለሁ» አላት፤ አልደረሰም። በሶቪየት የጭነት መርከብ ተሳፍሮ ሄደ።

ወደቡ ለእግረኛ ዝግ ነው። በነሐሴ 4 ቀን 2020 ፍንዳታ የፈራረሱት የእህል ጎተራዎች ግን ከመንገዱ ይታያሉ። ሞስኮ ለፊልቢ ጥገኝነት መስጠቷን የተናገረችው እሱ ከጠፋ ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ኤሌኖርም ተከትላው ሄደች። እዚያ ደግሞ ከሌላ የሸሸ እንግሊዛዊ ሰላይ ሚስት ጋር ወዳጅነት ጀመረባት፤ በ1965 ትታው ተመለሰች።