ካርታው «ኔትወርክ አለ» እያለ ስልካችሁ ለምን «የለም» ይላል?

ስልክ እያወራችሁ ድምፁ ሲቆራረጥ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላችሁ የተስተካከለበት ጊዜ የለም? ማማው እዛው ነው፣ ርቀቱም ያው ነው። ታዲያ ምን ተቀየረ?

ከማማው የሚወጣው ሞገድ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። ከግድግዳ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሚያልፍ መኪና እየነጠረ በብዙ አቅጣጫ ይደርሳችኋል። እነዚህ ሞገዶች አንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ስንዝር እንኳን ሳትርቁ ደህና የነበረው ሲግናል ሊወርድ ይችላል። ስልኩን ከፍ ማድረግ አንዳንዴ የሚሠራው ማማው ስለቀረበ አይደለም፣ ቦታው ስለተቀየረ ነው።

እያንዳንዱን ግድግዳ ቆጥሮ ማስላት የማይሆን ነገር ነው። መሐንዲሶች ስለዚህ ወደ ስታቲስቲክስ ዞሩ። በእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሎርድ ሬይሊ ስም በሚጠራው ቀመር መሠረት፣ ማማው በቀጥታ በማይታይበት ሰፈር ከ100 ነጥቦች በ10 ገደማው ላይ የሚደርሰው ኃይል ከአካባቢው አማካይ ከአሥር አንድ እጅ በታች ነው።

አማካዩስ ከየት ይመጣል? ከልኬት። ጃፓናዊው ዮሺሂሳ ኦኩሙራና ባልደረቦቹ ቶኪዮና አካባቢዋን በመኪና እየዞሩ ሲግናል ለኩ፤ ውጤቱንም በ1968 እ.ኤ.አ. በግራፍ አወጡት። በ1980 ማሳሃሩ ሃታ ግራፎቹን ወደ ቀመር ቀየራቸው። ምንም በሌለበት ሕዋ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። በሃታ ቀመር ግን፣ አንቴናው 30 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ወደ 11ኛው እጅ ነው የሚወርደው። ከተማ ሲግናል ይበላል የሚባለው በቁጥር ሲታይ ይሄ ነው።

ቀመሩ የተሠራው በአንጻራዊነት ለጥ ላለ መሬት ነው። እንደ አዲስ አበባ ኮረብታና ሸለቆ ያለበት ከተማ ላይ ያለ ማስተካከያ ብንጠቀምበት ይሳሳታል፤ እዛው ወርዶ መለካት ያስፈልጋል። (ላፕቶፕ ይዘው በመኪና የሚዞሩ የኔትወርክ ባለሙያዎች ካያችሁ ሥራቸው ይሄ ነው።)

አሁን ወደ ካርታው እንመለስ። አረንጓዴ የተቀባ ሰፈር «እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ይሠራል» ማለት አይደለም። «እዚህ ካሉት ቦታዎች አብዛኞቹ ከዝቅተኛው መጠን በላይ ያገኛሉ ተብሎ ተሰልቷል» ማለት ነው። አብዛኛው ስንት ነው? 90 በመቶም 95 በመቶም ሊሆን ይችላል፣ የሚወስነው ኔትወርኩን ያቀደው ክፍል ነው። በእኛ እምነት ይሄ ቁጥር ከካርታው ጎን መጻፍ ነበረበት፤ የቀረው 5 ወይም 10 በመቶ ውስጥ የሚኖረው ሰውም እኩል ነው የሚከፍለው።

ለጊዜው ግን፦ ጥሪው ድንገት ከተቆራረጠ ትንሽ ፈቀቅ በሉ። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ደካማ ከሆነ ግን ችግሩ የሕንፃ ወይም የኮረብታ ጥላ ነው፣ ፈቀቅ ማለት አይጠቅምም፤ ወደ መስኮት ወይም ወደ ደጅ ውጡ።