ሃይብሪድ መኪና በሞያሌ መንገድ፦ የትኛው ሞድ መቼ?

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ባለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ለሚመላለስ የቁም እንስሳት ነጋዴ፣ የነዳጅ ወጪ ከእያንዳንዱ ከብት ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው። ሃይብሪድ መኪና የያዘ ነጋዴ የአነዳድ ሞዶቹን ለይቶ ቢያውቅ ይጠቀማል።

«ኢቪ» መኪናውን በባትሪ ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ የሚያገለግለው በዝግታ ለሚነዳ አጭር ጉዞ፣ ለምሳሌ በገበያ ዙሪያ ነው። «ኢኮ» ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ መኪናው ረጋ ብሎ እንዲነሳ ያደርጋል፤ በብዙዎቹ ላይ የአየር ማቀዝቀዣውንም ይቆጥባል። «ፓወር» ምላሹን ያፈጥናል እንጂ ለሞተሩ አዲስ ጉልበት አይጨምርም፤ የጭነት መኪና ለመቅደም ተጠቅሞበት ወዲያው መመለስ ይበጃል።

ከማርሳቢት ተራራ ወደ ዲዳ ጋልጋሉ ሜዳ ሲወረድ፣ በብዙ የቶዮታ ሃይብሪዶች ላይ ያለው «ቢ» ማርሽ መኪናውን በሞተር ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ከመጋል ይድናል። ሜዳው ላይ ሲደረስ ግን ወደ «ዲ» መመለስ ያስፈልጋል፤ «ቢ» ለቁጠባ የተሠራ አይደለም።

ሃይብሪድ ይበልጥ የሚቆጥበው ቆም ሄድ በሚባልበት የከተማ መንገድ ነው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባትሪው ይሞላልና። በረጅሙ አስፋልት ላይ ግን ከሞድ ምርጫ ይልቅ ነዳጅ የሚያተርፈው ፍጥነትን መጥኖ መንዳት ነው።