ሰሌዳው የደበዘዘበት ተማሪ

ቆላማዋ የገንዳ ውሃ ከተማ ብርሃን አይቸግራትም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ ችግሩ መሸሸጊያ ማግኘት ነው። ሰው የሚሸሸው ይኸው ብርሃን ግን ልጆችን ከማዮፒያ፣ ማለትም ቅርቡን እያዩ ሩቁን አጥርቶ ካለማየት፣ ይከላከላል።

ነገሩ የርዝመት ነው። የአራስ ልጅ ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዋቂው 24 ይደርሳል። ማዮፒያ የያዘው ዓይን ግን ማቆም ሲገባው ማደጉን ይቀጥላል። ከሩቅ የመጣው ብርሃን ምስል ተቀባዩ ሬቲና ዘንድ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰብና በሰሌዳው ላይ ያለው የጠመኔ ጽሑፍ ይደበዝዛል። የአንድ ሚሊ ሜትር ትርፍ ብቻ ከ2 ዲዮፕተር (የመነፅር ኃይል መለኪያ) በላይ የሆነ መነፅር ያስፈልገዋል።

ዘር ድርሻ አለው፤ ሁሉን ግን አይወስንም። በሲድኒና በሲንጋፖር የሚኖሩ፣ የቻይና ዝርያ ያላቸው የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ሲነጻጸሩ ማዮፒያ በሲንጋፖር 29.1፣ በሲድኒ 3.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የሲድኒዎቹ ንባብ ያነሰ አልነበረም፤ በሳምንት 14 ሰዓት ያህል ደጅ ይውሉ ነበር፣ የሲንጋፖሮቹ ግን 3 ብቻ። በቻይናዋ ጓንግዡም ለተማሪዎች በየቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ጊዜ ሲጨመርላቸው በ3 ዓመት ውስጥ አዲስ የተያዙት 30.4 በመቶ ሆኑ፤ ካልተጨመረላቸው መካከል ግን 39.5 በመቶ ተያዙ። ደማቅ ብርሃን በሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል እንዲመነጭና የዓይኑ እድገት እንዲገታ ያደርጋል ተብሎ ይታመናል።

ታዲያ ልጅን በቀትር ፀሐይ እናቃጥለው? ኧረ በጭራሽ! የኒም ዛፍ ጥላ እንኳ ከመማሪያ ክፍል ብዙ እጥፍ ብሩህ ነው። ጠዋትና አመሻሹን ጨምሮ በቀን 2 ሰዓት ደጅ መዋል ጥሩ ነው፤ ስልኩ ግን ቤት ይቅር።

የደጅ ብርሃን መከላከያ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ የረዘመ ዓይን አያጥርም፤ ለተያዘው ልጅ የሚረዳው መነፅር ነው። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ለእይታ መዳከም ምክንያት ከሆኑት ውስጥ አንድ ሦስተኛው በመነፅር የሚስተካከል ችግር እንደሆነ አሳይቷል። ሰነፍ የተባለው ተማሪ ሰሌዳው ሳይታየው ቀርቶ ይሆናል። ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ፣ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ካለ መምህሩ በ6 ሜትር ርቀት አንድ አንድ ዓይኑን እያስሸፈነ ፊደል ያስለየው። ካቃተው ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ይሰጣል፣ የመነፅር ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል።

መነፅር ዓይን ያሰንፋል ብለው የሚፈሩ ወላጆች አሉ። በማሌዥያ ሆን ተብሎ ኃይሉ የተቀነሰ መነፅር የተሰጣቸው ልጆች ግን ሙሉውን ካደረጉት ይልቅ ማዮፒያው ፈጥኖ ባሰባቸው።