ተጨማሪ መረጃ፦ ዩልያኖስ ባይሞት ኖሮ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ካጠመቀ በኋላ የተገኘው በአዛጦን ነው። አዛጦን የዛሬዋ እስራኤል ውስጥ ያለችው አሽዶድ ናት። የዳጎን ቤተ መቅደስ የነበረባት ይህች የፍልስጥኤማውያን ከተማ በኋላ የክርስቲያኖች መኖሪያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 በባሕር ዳርቻዋ በተደረገ ቁፋሮ በግሪክኛ የተጻፈ የሞዛይክ ጽሑፍ ተገኝቷል። ዓመቱ የተቆጠረው ግን በጆርጂያውያን አቆጣጠር ነው፤ ሲሰላ እ.ኤ.አ. 539 ይሆናል። ከካውካሰስ እስከዚህ ድረስ!

እንደ አሽዶድ ያሉ ከተሞች የክርስቲያኖች መኖሪያ ባይሆኑ ኖሮስ? አንድ የታወቀ ክስተት ሌላ መልክ ቢይዝ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር በማስረጃ ተመርቶ መጠየቅ ምናባዊ ታሪክ ይባላል። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ ክርስትናን ትቶ የጥንቶቹን አማልክት አምልኮ ሊመልስ ተነሣ፤ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስም እንደገና እንዲሠራ አዘዘ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ363 ከፋርስ ጋር ሲዋጋ ሞተ። ቢኖርስ ኖሮ?

«ክርስትና ይጠፋ ነበር» ብላችሁ አትቸኩሉ። የጋዛ ወደብ ማዩማ ክርስቲያን በመሆኗ ቆስጠንጢኖስ የከተማነት ማዕረግ ሰጥቷት ነበር። ዩልያኖስ ማዕረጉን ነጥቆ ከጋዛ ሥር መለሳት፤ ሕዝቧ ግን በእምነቱ ጸና። ጋዛ በበኩሏ ክርስቲያን ነገሥታት እየገዟት እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ የጥንት አምላኳን የማርናስን ቤተ መቅደስ አላፈረሰችም። አዋጅ ብቻውን ሃይማኖት አያስለውጥም ማለት ነው።

ሞክሩ፦ ጋዛን፣ አሽዶድንና በዚያው ባሕር ዳርቻ ያለችውን ቂሣርያን በካርታ ላይ ፈልጉ። ዩልያኖስ ሠላሳ ዓመት ቢነግሥ ኖሮ ከሦስቱ ቀድማ የምትለወጠው የትኛዋ ነበረች? ምክንያታችሁን ለጓደኞቻችሁ አስረዱ።