ሂውማን ሄር ከመግዛት በፊት

መርካቶ ውስጥ ሂውማን ሄርና ዊግ የሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ ትንሽ የቆመ ሰው ገዢዎቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ይረዳል። አንደኛዋ ከጓደኛዋ ጋር መጥታ ፀጉሩን እያገላበጠች፣ ቀለሙን ከፊቷ ጋር እያስተያየች ትስቃለች። ሌላዋ ሻሿን ሳታወልቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች፦ «ግንባሩ ጋ ይሸፍናል?» ይህ ጽሑፍ ለእሷ ነው።

«ፀጉሬ ረገፈ» ብላ ሐኪም ዘንድ የምትመጣ ሴት ብዙ ናት፤ በሽታው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የት ቦታ እንደሳሳ ነው።

ከግንባር ጠርዝና ከጆሮ በላይ ካለው ቦታ የሚጀምር መሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ከመወጠር የሚመጣ ነው። ሥሩ ለወራትና ለዓመታት ሲጎተት ይቆጣል፣ ከዚያ ይኮሰምናል፣ መጨረሻ ላይ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጥሩ ምልክት አለው፦ ድሮ የፀጉሩ ዳር በነበረበት መስመር ላይ አጫጭር ፀጉሮች ተርፈው ይታያሉ። ለመጎንጎን ስላልበቁ ከጉተታው ያመለጡ ናቸው። ችግሩ የጥቁር ሴት ብቻ አይደለም፤ በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1907 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የተጠቁት ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አጥብቀው የሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ነበሩ።

ታዲያ ለምን ይጠብቃል? ሁሌ ሠሪዋ ትወቀሳለች፤ እኔ ግን ነገሩ ከገንዘብም ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቅ ላይ የምትውል ሴት አንዴ የከፈለችበት ሹሩባ ወር እንዲያደርስላት ትፈልጋለች። «እህቴ፣ ጠበቅ አድርጊው፣ በሳምንቱ እንዳይፈታ» የምትለው ራሷ ናት። ሠሪዋም ፀጉሩን በማበጠሪያ ጭራ ከፍላ፣ ቅጥያውን ከሥር አስገብታ ስትስበው የተሠሪዋ ቅንድብ ሽቅብ ይነሳል። የዚያን ቀን ማታ ትራስ ላይ ጋደም ማለት አይቻልም፤ ፓራሲታሞል ተውጦ ይታደራል። በማግሥቱ በየጉንጉኑ ሥር ነጫጭ ብጉር ይወጣል። ይህ ሁሉ «አዲስ ስለሆነ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሥሩ እየተጎዳ መሆኑን የሚናገረው ግን ያው ሕመምና ያው ብጉር ነው፤ በዚያው ቀን መፍታት ይገባል። ያልተጎተተ ሹሩባ ብዙም ላይቆይ ይችላል፤ ቢያንስ ግን አያሳምምም።

ጉዳቱን የሚያብሰው በሪላክሰር የተለሳለሰ ፀጉር ላይ መሠራት ነው። ሪላክሰር የፀጉሩን አካል ስለሚያዳክም የሚችለውን ክብደት ይቀንሰዋል፤ በላዩ ረጅም ቅጥያ ሲንጠለጠልበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ከግንባር ጋር በሙጫ የሚጣበቅ ዊግም እንዲሁ፤ ሲነሳ የቀረውን ፀጉር ይዞ ይነሳል። ሳይሰፋና ሳይጣበቅ እንደ ኮፍያ የሚደረግ ዊግ የተሻለ ነው። ሻሽም ቢሆን በግንባር ላይ ተጠብቆ ከታሰረ ያው ጉተታ ነው፤ ላላ ይበል፣ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ይኑር። በተለይ ለትናንሽ ሴት ልጆች መጠንቀቅ ይገባል። መስከረም ላይ ትምህርት ሊከፈት ሲል እያለቀሱ የሚሠሩት ሹሩባ በሃያና በሠላሳ ዓመታቸው ላይ ይታያል። ቶሎ ከተደረሰበት ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ቆዳው ልስልስ ብሎ የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎቹ ከጠፉ ግን ቅባት አይመልሰውም።

ከመሐል አናት ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ ዳር የሚሰፋው ደግሞ ሌላ ነው። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው፣ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ሴቶች ላይ ይበዛል። አንዳንዷን ያሳክካታል፣ ያቃጥላታል፤ አንዳንዷ ምንም ሳይሰማት ሌላ ሰው ነው «አናትሽ ሳስቷል» የሚላት። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከታማሚዎቹ ሩብ በሚጠጉት ላይ ፓዲ3 በተባለ ጂን ላይ ለውጥ አግኝቷል። ስለዚህ «ፔስትራ አብዝታ ነው» ብሎ ሴትዮዋ ላይ መፍረድ ቢቀር ይሻላል። ይህኛው ጠባሳ የሚተው ዓይነት ስለሆነ ጊዜ አይሰጥም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማዳን እንጂ የሄደውን ለመመለስ አይደለም።

ከሁሉም ቦታ እፍኝ እፍኝ የሚረግፍ ከሆነ ወደ ኋላ ሁለትና ሦስት ወር ማሰብ ነው። ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ፈጣን ክብደት መቀነስ ወይም ትልቅ ሐዘን ብዙ ፀጉሮችን በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይከታቸዋል፤ የሚረግፉት ግን ቆይተው ነው። አራሷ በሦስተኛው ወር የምትደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመቱ ይመለሳል። የማይመለስ ከሆነ የደም ማነስና እንቅርት መመርመር አለበት። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ለካንሰር ኬሞ የምትወስድ ሴት ፀጉርም አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ሲያልቅ በወራት ውስጥ ይመለሳል።

ላሽና ቆረቆር ሲምታቱ ብዙ ጉዳት ይደርሳል። ላሽ ድንገት በክብ ቅርጽ የሚጠፋ፣ ቆዳው ልስልስና ንጹሕ የሆነ ነው። የራስ የመከላከያ ኃይል የፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ ይመጣል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በነጭ ሽንኩርት የሚያሹት አሉ፤ ቆዳ ያቃጥላል እንጂ በሽታውን አይነካውም። ቆረቆር ግን የፈንገስ በሽታ ነው፤ ይቀረፍፋል፣ ፀጉሩን ይሰብራል፣ ማበጠሪያና ሻሽ በመዋዋስ ይተላለፋል። የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን ሥሩ ድረስ ስለማይገባ ለሳምንታት የሚዋጥ ያስፈልገዋል። ይበልጥ የሚይዘው ልጆችን ነው፤ ከልጇ የሚጋባባት እናትም ግን አትጠፋም።

ለጋ ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሬት፦ መርካቶ የማይገኝ የለም። ቅቤን አልነቅፍም፤ ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ መሰባበርን ይቀንሳል። መሰባበርና መርገፍ ግን ይለያያሉ። የወደቀው ፀጉር ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለው ከሥሩ ወጥቷል፤ ከሌለው ተሰብሯል። ለተሰበረው ቅቤ ይረዳል፣ ለረገፈው ግን ምክንያቱ መታወቅ አለበት። ሚኖክሲዲል የተባለው መድኃኒትም ለአንዳንዱ ዓይነት ይሠራል፤ መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ይብሱን ሊያረግፍ ይችላል፣ ሲቋረጥ ያበቀለው ይሄዳል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት ብልቃጥ ላይ ገንዘብ ባይጠፋ እመርጣለሁ።

መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ የቆዳ ሐኪም ሲያስፈልግ በሪፈር ከሚላክባቸው ቦታዎች አንዱ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ነው። በዚህ ታሪኩ የተነሳ ስሙ ሲጠራ የሚያፈገፍግ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ዛሬ ግን የማንኛውም የቆዳና የፀጉር ችግር የሚታይበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። ለቀጠሮ ሲኬድ ሹሩባው ተፈትቶ፣ ዊጉ ወልቆ፣ ቅባት ሳይቀባ ቢሆን ሐኪሙ ሥሩን በደንብ ያያል። መቼ እንደጀመረ፣ ባለፉት ወራት ወሊድ ወይም ሕመም እንደነበረ፣ ምን ምን እንደተቀባ መናገር ያስፈልጋል። የተቀባው ብልቃጥ ራሱ በቦርሳ ቢያዝ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።