ኑዛዜ፦ በአልጋ ዙሪያና በፍርድ ቤት

ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ሲነግር «ተናዘዘ» እንላለን። ሀብቱን ለልጆቹ ሲደለድልም ቃሉ ያው ነው። በቀድሞው ልማድ ሁለቱም በአንድ ሌሊት፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ ይፈጸሙ ነበር። ሕመሙ ሲጠና ቄሱ ይጠራል፣ ሽማግሎች ይሰበሰባሉ፣ አባት «ላሟ ለእገሌ፣ የወንዙ ዳር ማሳ ለእገሊት» ይላል፤ የሰማ ሁሉ ምስክር ነው። ዛሬ እኅትና ወንድምን ከችሎት ፊት የሚያቆመው ክርክር አብዛኛው ከዚህ ልማድ የሚነሣ ይመስለኛል። እኛ ኑዛዜን የመጨረሻ ሰዓት ነገር አድርገነው ቀርተናል፤ ሕጉ ግን ሰው በጤናው ሳለ ረጋ ብሎ የሚያዘጋጀው ሰነድ አድርጎታል።

ሕጉ ደግሞ የትናንት አይደለም። በፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል የውርሱ ክፍል እንዳለ ቀጠለ።

የቃል ኑዛዜን ሕጉ ጨርሶ አልከለከለውም፤ ነገር ግን ክንፉን ቆርጦታል። በሁለት ምስክር ፊት ስለ ቀብር ሥርዓት መናገር፣ ለሕፃናት ሞግዚት መሰየም፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ መተው ይቻላል። ቤት በቃል አይወረስም። ተናዛዡ ቢያገግምና ከሦስት ወር በላይ ቢቆይ ያም ቃል ይፈርሳል።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአራት ምስክር ፊት የሚደረገው ኑዛዜ ነው። አራት ሰው አሰባስቦ ማስፈረም ግን አይበቃም። ጽሑፉ ተናዛዡና አራቱም ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም እዚያው ሰነዱ ላይ መጠቀስ አለበት፤ ፊርማውም ወዲያውኑ መሆን አለበት። እንግዲህ አስቡት፦ ሦስቱ ጎረቤቶች ያን ዕለት ፈረሙ፣ አራተኛው ለቅሶ ደርሶበት በማግስቱ መጥቶ ፈረመ። አባት ከሞተ በኋላ ድርሻው ያነሰበት ልጅ ጠበቃ ይዞ ይህችን አንዲት ቀን ይመዛታል። «አባታችን ምን ፈለገ?» የሚለው ጥያቄ ይቀርና ክርክሩ ስለ ፊርማ ቀን ይሆናል። ይህ ያሳዝነኛል። ሆኖም ሕጉን በጭካኔ አልከሰውም፤ ሟች ተነሥቶ ሊመሰክር ስለማይችል፣ ለደከመ በሽተኛ ወረቀት አቅርቦ የሚያስፈርም ሰው እንዳይኖር የተበጀ አጥር ነው። ሰነዱ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ከተደረገ፣ ባለሥልጣኑ ራሱ አንዱ ሆኖ ሁለት ምስክር ይበቃል።

ልጅን ከውርስ መንቀልም ይቻላል፤ ግን በግልጽ መጻፍና ምክንያቱን መጥቀስ ግድ ነው፤ ምክንያቱንም ዳኛ ይመዝነዋል። «ሀብቴን ሁሉ ለጦረኝ ለወንድሜ ልጅ ሰጥቻለሁ» ማለት ብቻውን የአብራክን ልጅ አያስወጣም፤ አብሮ ይወርሳል። በለቅሶው ድንኳን ድንገት ብቅ ያለው፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅም ልጅነቱ ከተረጋገጠ ድርሻው ከሌሎቹ እኩል ነው። ሴት ልጅም እንዲሁ፤ ይህንን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከማጽናቱ በፊት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደንግጎታል።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚደነግጠው በሚስት ጉዳይ ነው። ባሏ ሲሞት ሚስት፣ ሚስቱ ስትሞት ባል፣ በሕግ ወራሽ አይደሉም። ከጋራ ሀብቱ ግማሹ ድሮም የራሷ ስለሆነ ትወስዳለች፤ የሟች ግማሽ ግን ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለወላጆቹ፣ እነሱም በሕይወት ከሌሉ ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ያልፋል። ልጅ ያልወለዱ፣ አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት አንድ ቤት ቢኖራቸው፣ እሷ ሐዘን ላይ ተቀምጣ ሳለ የባሏ ወንድሞች ግማሹን ሊጠይቁ ይችላሉ። ቤቱ ካልተከፈለና ስምምነት ከጠፋ መጨረሻው ሐራጅ ነው። ይህ ድንጋጌ መሻሻል አለበት ባይ ነኝ። እስከዚያው መፍትሔው በባለቤቱ እጅ ነው፤ ለሚስቱ በኑዛዜ መተው ማንም አይከለክለውም። ታዲያ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው እንዳይናዘዙ፤ እንዲያ ያለው የጋራ ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ ለየራሳቸው ይጻፉ።

ሙስሊም ቤተሰቦች ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከፈቀዱ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ያያሉ፤ አንዱ እምቢ ካለ ወደ መደበኛው ይመለሳል።

ዝምታም ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ወንድም ቤቱን ይዞ ሲቀመጥ ሌሎቹ «አርባው ይውጣ፣ ሙት ዓመቱ ይለፍ፣ ውጭ አገር ያለችው እኅታችን ትምጣ» እያሉ ያቆዩታል። ወራሽነትን ጠይቆ ንብረት ለማስመለስ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ፣ ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ነው። ይሉኝታ ይህን ቀን አያራዝመውም።

በእጁ ጽፎ፣ በየገጹ ቀን አስፍሮና ፈርሞ፣ ከቤት ካርታውና ከግብር ደረሰኙ ጋር ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ አባትም አለ። ያ ወረቀት ምስክር አያስፈልገውም። ግን በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል፤ ልጆቹ ሣጥኑን የሚከፍቱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።